«ዲፎልት ነው» መልስ አይደለም

ይሄን ጽሑፍ ሲያነብ ቅር የሚለው የቀድሞ ተማሪዬ እንደሚኖር አውቃለሁ። የሥራ ባልደረባም አይጠፋም። ግድ የለም፣ ቅር ይበላችሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሰሞኑን የማስተርስ ጥናት ረቂቆች እያነበብኩ ነው። የዘዴ ምዕራፉ ላይ ስደርስ ያው አንድ ዐረፍተ ነገር ይመጣል፦ «የዲኤንኤ ንባቦቹ በቢደብልዩኤ ከሪፈረንስ ጂኖሙ ጋር ተሰልፈዋል።» በቃ። የትኛው ቨርዥን? የለም። የትኛው ሪፈረንስ? የለም። ፓራሜትሩስ? ስጠይቅ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ዲፎልቱን ነው የተጠቀምኩት፣ መምህር።»

እኔ ደግሞ የምለው ይሄ ነው፦ ዲፎልት ማለት «ምርጫ አልተደረገም» ማለት አይደለም። ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር፣ ለሌላ ፍጡር ዲኤንኤ ያደረገው ምርጫ ነው። እናንተ ሳትመረምሩ ፈረማችሁበት።

ከዘርፉ ውጭ ላላችሁ ወዳጆቼ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። የዲኤንኤ ማንበቢያ ማሽን ጂኖምን ከዳር እስከ ዳር አያነብም። ቆራርጦ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትናንሽ ቁርጥራጮች ያወጣል፤ እነሱን ነው «ሪድ» ወይም ንባብ የምንላቸው። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተቀዶ፣ ብጥስጣሹን ይዛችሁ «ይሄ ከየትኛው ገጽ ነው?» እያላችሁ ከሌላ እትም ጋር ስታስተያዩት አስቡ። አላይመንት ይሄ ነው። ብጥስጣሹ ላይ የፊደል ስህተት ይኖራል፤ እትሞቹም ይለያያሉ። ስለዚህ ሶፍትዌሩ «ስንት ስህተት ልለፍ? መቼ ነው ይሄ ከዚህ ገጽ አይደለም የምለው?» የሚል ሕግ ያስፈልገዋል። ፓራሜትር ማለት ያ ሕግ ነው።

የቢደብልዩኤ-ሜምን ዲፎልት እንይ። ለተመሳሰለ ፊደል 1 ነጥብ ይሰጣል። ላልተመሳሰለ 4 ይቀንሳል። ክፍተት ለመክፈት 6፣ ክፍተቱን በእያንዳንዱ ፊደል ለማርዘም 1 ይቀንሳል። ፍለጋውን የሚጀምረውም ቢያንስ 19 ፊደል ያለ ምንም ስህተት ሲገጥም ነው። ቅጣቱ ከባድ የሆነው ንባቡና ሪፈረንሱ በጣም ይቀራረባሉ ብሎ ስለሚገምት ነው። ለሰው ጂኖም ጥሩ ግምት ነው። ነገር ግን የሰው ጂኖም አጥንታችሁ አታውቁም እኮ! የእናንተ ናሙና የመጣው ከወንጂና ከመተሐራ የወባ ተውሳክ፣ ከቢሾፍቱ ጤፍ፣ ከባቱ የወባ ትንኝ ነው። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ምናልባት ይበቃችሁ ይሆናል። ግን ሳትለኩት ልትዳሩበት ነው?

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ትንሽ ቁጥር ቢለዋወጥ ነው» የምትሉ አላችሁ። እስኪ ከወባ እንጀምር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር) ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ጤና ኬላ ላይ የሚሠራው ምርመራ ከጣት ደም በጠብታ የሚወሰድበት ፈጣን ኪት ነው። ብዙው ኪት የፋልሲፓረምን ወባ የሚያውቀው ኤችአርፒ2 በሚባል የተውሳኩ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋበት ተውሳክ ግን አለ። እንዲህ ያለው ተውሳክ የያዛት እናት ኪቱ «ነጻ ነሽ» ሊላት ይችላል፤ እሷም ወባዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

በ2021 የታተመ፣ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የተካሄደ ትልቅ ጥናት በዚህ ጂን መጥፋት ምክንያት ኪቶቹ 9.7 በመቶ የሚሆነውን የፋልሲፓረም ወባ ሊያመልጡት እንደሚችሉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት «ኪቱን ቀይሩ» የሚለው ቁጥሩ 5 በመቶ ሲደርስ ነው። ልብ በሉ፣ የአገር የመድኃኒትና የኪት ግዢ የሚወሰነው በ5 እና ከ5 በታች ባለው ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተራችሁ ኑ። ኤችአርፒ2 በተውሳኩ 8ኛ ክሮሞዞም ላይ ነው። ኤችአርፒ3 የሚባል ወንድም ጂን ደግሞ 13ኛው ላይ አለው። ሁለቱም ወደ ክሮሞዞሙ ጫፍ የተጠጉ፣ በውስጣቸው የሚደጋገም ክፍል ያለባቸው፣ እርስ በርስም የሚመሳሰሉ ናቸው። ከተደጋጋሚው ክፍል የወጣ አጭር ንባብ የማን እንደሆነ ሶፍትዌሩ መለየት ያቅተዋል። ቢደብልዩኤ እንዲህ ሲቸግረው አንዱ ቦታ ላይ በዘፈቀደ ያስቀምጠውና የእርግጠኝነት ነጥቡን፣ ማፕኪው የምንለውን፣ 0 ያደርገዋል።

እናንተ ደግሞ ከሲኒየር በፍላሽ የወረሳችሁት ስክሪፕት «ማፕኪው ከ30 በታች የሆነውን ጣል» ይላል። ጣላችሁት። ቦታው ባዶ ሆነ። ባዶ ሲሆን «ጂኑ ጠፍቷል» ብላችሁ ጻፋችሁ። ጂኑ ግን እዚያው ነበር! በተቃራኒው ማጣሪያውን ትታችሁ ቅጣቱን ካላላችሁ፣ የኤችአርፒ3 ንባቦች ሄደው በእውነት የጠፋውን የኤችአርፒ2 ቦታ ይሸፍኑታል። «ጂኑ አለ» ትላላችሁ። አንዱ ስህተት ደህና ኪት ያስጥላል፤ ሌላው የማይሠራ ኪት ጤና ኬላ ላይ ያስቀራል። ሁለቱም «ዲፎልት ነው» ከሚል አፍ ሊወጡ ይችላሉ።

ያ የ2021 ጥናት ለምን ታመነ? አንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ስላልተማመነ። ፒሲአርን፣ የፕሮቲን ልኬትንና ሲኩዌንሲንግን አንድ ላይ አስኬደ። እናንተ ይህን ሁሉ ለማድረግ ገንዘብ ላይኖራችሁ ይችላል። አንድ ነገር ግን በነጻ ማድረግ ትችላላችሁ። በዓለም ላቦራቶሪዎች የሚራቡ ሦስት የታወቁ የፋልሲፓረም ዝርያዎች አሉ፦ 3ዲ7 ሁለቱም ጂኖች አሉት፤ ዲዲ2 ኤችአርፒ2 የለውም፤ ኤችቢ3 ደግሞ ኤችአርፒ3 የለውም። ንባባቸው በይፋ የዳታ ቋቶች ላይ ይገኛል። የመተሐራን ናሙና ከመንካታችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን በስክሪፕታችሁ አሳልፉ። መልሱን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ስክሪፕታችሁ ካልመለሰው ችግሩ ከተውሳኩ አይደለም።

ወደ ጤፍ ልሻገር፤ የወባው ለባዮሎጂ ሰዎች ነው ብላችሁ እንዳታልፉኝ። ግብርና ላይ ያላችሁ ብዙ ናችሁ።

ጤፍ 40 ክሮሞዞም አለው፤ ግን አንድ ጂኖም አይደለም። ከሁለት የጥንት ወላጆች የወረሳቸው ሁለት ተመሳሳይ ጂኖሞች በአንድ እህል ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለዚህ አብዛኛው ጂን መንታ አለው። ቦሎቄ እንዲህ አይደለም፤ 22 ክሮሞዞም ያለው ቀላል ዲፕሎይድ ነው። ለቦሎቄ የተጻፈ ስክሪፕት ቦሎቄ ላይ በጣም ጥሩ ሊሠራ ይችላል። ያንኑ ስክሪፕት የሪፈረንሱን ስም ብቻ ቀይራችሁ ጤፍ ላይ ስታስኬዱት ግን የአንዱ መንታ ንባብ ሌላው ላይ ያርፋል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል ይታያችሁና «ሄትሮዛይገስ ነው፣ ከፍተኛ ብዝኃነት አለ» ብላችሁ ትደሰታላችሁ።

ጤፍ እኮ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው! ለብዙ ትውልድ ተጠርቶ የወጣ እንደ ቁንጮ ያለ ዝርያ ውስጥ ሄትሮዛይገስ ቦታ እንደ አሸዋ ፈስሶ ካገኛችሁት መደሰት አይደለም፣ መጠርጠር ነው። ገበሬው ሊነግራችሁ የሚችለውን ነገር ሶፍትዌራችሁ እየካደ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፓራሜትር ብቻውን አያድንም፤ ሪፈረንሱም ወሳኝ ነው። የመጀመሪያው የጤፍ ጂኖም በ2014 ጸደይ ከሚባለው ዝርያ ወጣ። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ግን በአጭር ንባብ የተገጣጠመ፣ ብዙ ቦታ የተቆራረጠ ነበር። በ2020 ዳቢ ከሚባለው ዝርያ እስከ ክሮሞዞም ደረጃ የተገጣጠመ ወጣ። መንታዎቹ ተለያይተው ባልተቀመጡበት ሪፈረንስ ላይ ቅጣቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠብቁ ሁለቱም ንባብ ያለው አንድ ቤት ውስጥ ይገባል። ቤቱ አንድ ነዋ!

ሦስተኛው ትንኝ ነው። አኖፊሊስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተያዘችው በ2016 ቀብሪ ደሃር ነው። በኋላ አዋሽ ሰባት ኪሎም ተገኘች፤ ከአዳማ በጅቡቲው መንገድ ማለት ነው። በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም እጇ እንዳለበት ተጠንቷል። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ ሮቶና በርሜል ይበቃታል። ውሃ በሮቶ ለሚያጠራቅም እንደ አዳማ ላለ ከተማ ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ «የያዝኳት ትንኝ ማን ናት?» የሚለው ጥያቄ በትክክል መመለስ አለበት።

ምን ታደርጋላችሁ? አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ታስነብባላችሁ፣ ብላስት ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ከላይ የመጣውን ስም ትጽፋላችሁ። ወዳጆቼ፣ ከላይ የመጣው ስም ማለት በዳታ ቋቱ ውስጥ ካሉት የሚቀርባት ማለት ነው። የእናንተ ትንኝ ቋቱ ውስጥ ከሌለች ብላስት «አላውቃትም» አይልም፤ የጎረቤቷን ስም ይሰጣችኋል። ተመሳሳይነቱ ስንት በመቶ ነው? የቁራጩን ስንት እጅ ሸፈነ? ሁለተኛው ስም በስንት ተበለጠ? እነዚህን ሳያዩ ስም መጻፍ መለየት አይደለም፣ መገመት ነው። «ኢ-ቫሊዩው በጣም ትንሽ ነው» አትበሉኝ። ኢ-ቫሊዩ በዳታ ቋቱ ትልቀት ይለዋወጣል፤ ያው ቁራጭ፣ ያው ውጤት፣ ቋቱ ሲያድግ ሌላ ቁጥር ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጠብ እንምጣ፤ ማዘመን። እዚህ ላይ ሁለት ሰፈር አለ፤ ሁለቱንም ልነካ ነው።

አንደኛው ሰፈር «የሚሠራ ነገር አትንካ» ይላል። የዛሬ ስንት ዓመት የተጫነ ቨርዥን ይዞ ይኖራል። ለእነሱ የብላስትን ታሪክ ልንገራቸው። ከላይ ስንት ውጤት እንዲያሳይ የሚታዘዝበት «ማክስ ታርጌት ሲክስ» የሚባል ፓራሜትር አለ። ብዙ ሰው 1 ብሎ ይሰጠውና «ምርጡን አንድ አምጣልኝ» ማለቱ ይመስለዋል። በ2018 ተመራማሪዎች ይሄ እንደዚያ እንደማይሠራ፣ የሚመጣው ሁልጊዜ ምርጡ ላይሆን እንደሚችል በይፋ ጻፉ። የብላስት ባለቤቶች መረመሩ፤ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ የፕሮግራም ጉድለት አገኙ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው 2.8.1 ቨርዥን አስተካከሉት። ከ5 በታች ስትሰጡትም ማስጠንቀቂያ እንዲያወጣ አደረጉ። አሮጌውን የሙጥኝ ያለ ሰው ማስተካከያውም ማስጠንቀቂያውም አልደረሰውም። ስህተቱን ግን በየቀኑ እያተመ ነው።

የቫይቫክስ ወባም እንዲሁ ነው። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች ቫይቫክስ እንግዳ አይደለም። ሳል-1 የተባለው ሪፈረንስ በ2008 ወጣ። ፒቪፒ01 የተባለው በጣም የተሻለ ሪፈረንስ በ2016 ተተካ። ዛሬም ግን «ሁሉም ይጠቀመዋል» ተብሎ ሳል-1 ላይ የሚሰለፍ ናሙና አለ።

ሁለተኛው ሰፈር ደግሞ «የመጨረሻውን ጫን» ባይ ነው። አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር፣ ጥናቱ መሐል ላይም ቢሆን ይጭናል። ይሄ ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የመተሐራን ናሙና በአሮጌው ቨርዥን፣ የመቂን በአዲሱ አስልፋችሁ «በሁለቱ ከተሞች መካከል ልዩነት አግኝተናል» ብትሉ ያገኛችሁት የሶፍትዌር ልዩነት ሊሆን ይችላል። ከተሞቹ ምንም አላደረጓችሁም።

ከሁሉም የሚከፋው ድምፅ የሌለው ለውጥ ነው። የድሮ የሳምቱልስ ትእዛዝ አዲሱ ላይ ሲሰበር ቀይ ጽሑፍ ያወጣል፤ ትናደዳላችሁ፣ ታስተካክላላችሁ። የሚጮህ ስክሪፕት ወዳጅ ነው። አሮጌው ብላስት የኑክሊዮታይድ ፍለጋ ሲያደርግ ዲፎልቱ ከ11 ፊደል ግጥምጥም ይነሳ ነበር። አዲሱ ብላስት ፕላስ ላይ «ብላስትኤን» ስትሉት ካልነገራችሁት በቀር ሜጋብላስትን ያስኬዳል፤ እሱ ደግሞ የሚነሳው ከ28 ነው። ለቅርብ ዘመድ ፈጣን፣ ለሩቅ ዘመድ ግን ብዙ የሚያመልጠው። ያው ስም፣ ያው ፋይል፣ ሌላ መልስ። ምንም አልጮኸም።

ማፕኪውም እንዲሁ ያታልላል። ቢደብልዩኤ እስከ 60 ይሰጣል። ቦውታይ2 ከ42 አያልፍም። ስታር በዲፎልቱ አንድ ቦታ ብቻ ላረፈ ንባብ 255 ይሰጣል። መሣሪያውን ቀይራችሁ ማጣሪያውን ያው 30 ካደረጋችሁት ቁጥሩ ብቻ ነው ያው የሆነው፤ ትርጉሙ ሄዷል።

ታዲያ ምን ይሻላል? የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ በአንድ ጥናት ውስጥ አንድ ቨርዥን። ማዘመን በጥናትና በጥናት መካከል። መሐል ላይ ግድ የሚል ጉድለት ከተገኘ ደግሞ ሁሉንም ናሙና፣ የድሮውንም ጭምር፣ እንደገና ማስኬድ። ግማሽ በግማሽ የሚባል ነገር የለም።

መልሳችሁን ሰምቻለሁ። «መምህር፣ አንተ የምታወራው ኢንተርኔት ላለው ነው። መብራት በመሐል ይጠፋል፣ ጂኖም ማውረድ ሌሊት ይፈጃል፣ ላፕቶፓችን ይግላል።» እውነት ነው፤ አልክድም። ግን የጠየቅኳችሁን ነገር ዋጋ እስኪ አስሉት። ቨርዥን መጻፍ ኢንተርኔት አይፈልግም። ፓራሜትር መጻፍ መብራት አይበላም። የኮንዳ ዝርዝር ፋይል ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። አንድ ሰው አንዴ ያወረደውን ሪፈረንስና ሶፍትዌር አንድ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ለክፍሉ ሁሉ ማካፈል ይችላል። ስክሪፕት በፍላሽ መዋረስ ከቻልን ከስክሪፕቱ ጋር «ለምን እንዲህ ሆነ» የሚለውን ገጽ መዋረስ እንዴት ያቅተናል? እንዲያውም ኢንተርኔት የሚያስቸግረው ሰው ነው ሥራውን ሁለቴ ላለመሥራት ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት።

«ሪቪውወር አይጠይቀንም» የሚልም አለ። ሪቪውወር አይጠይቅ ይሆናል። ኪት የሚገዛው ሰው ቁጥራችሁን ያምናል፤ ዝርያ የሚመርጠው አዳቃይ ቁጥራችሁን ያምናል። እነሱ ፓራሜትር ምን እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ። የሚያውቁት እናንተ ናችሁ ተብሎ ነው የታመናችሁት።

አማካሪዎችንም አልተውም። ተማሪው «ዲፎልት ነው» የሚለው ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ነው። አማካሪው ራሱ ስክሪፕቱን ከፍቶ ካላየ ተማሪውን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ።

ለማጠቃለል፣ የምጠይቀው እነዚህን ብቻ ነው።

አንድ፦ የሶፍትዌሩን ስም ከነቨርዥኑ፣ የሪፈረንሱን ስም ከነቨርዥኑ ጻፉ።

ሁለት፦ ሙሉውን ትእዛዝ፣ ዲፎልቱን ጭምር፣ አባሪ ላይ አያይዙ።

ሦስት፦ መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ናሙና መጀመሪያ አሳልፉ። ለወባ ሦስቱ ዝርያዎች አሉላችሁ። ለጤፍ ደግሞ የዳቢን ንባብ በዳቢ ሪፈረንስ ላይ አሰልፉ፤ ሄትሮዛይገስ ቦታ እዚህ ግባ የማይባል መሆን አለበት።

አራት፦ አንድ ሁለት ፓራሜትር ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ ዋናው መደምደሚያችሁ ይገለበጥ እንደሆነ እዩ። ከተገለበጠ መደምደሚያ የላችሁም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ዲፎልቱ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ጊዜም እንዲያ ይሆናል። ያን ጊዜ «ዲፎልቱን የተጠቀምኩት ከዚህና ከዚህ ጋር አወዳድሬ ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ እኔም አጨበጭባለሁ። ቁጥሩ ያው ሆኖ መልሱ ግን የእናንተ ሆኗል።

በዚህ ሴሚስተር ረቂቅ የምታስገቡ፣ የዘዴ ምዕራፋችሁን ብቻ በኢንቦክስ ላኩልኝ፤ የቻልኩትን አነባለሁ። በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ በየላቦራቶሪው ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ ማሽናችሁ ላይ ያለውን ቨርዥን ዛሬውኑ ዕዩና ኮመንት ላይ ጻፉት። ማንም ማንንም አያሳፍርም። የማይስማማ ካለም ከነምክንያቱ ይምጣ፤ ብቻ «ዲፎልት ነው» እንዳትሉኝ።